የአኮርዲዮን ድምፅና የጠፋብን ካሴት

 ስለ ማኅበሩ አመሠራረት ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች በዚሁ መጽሔት ስለሚጽፉ፣ እኛ ናይሮቢ ላይ በሱቅ ንግድ እየተዳደርን ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ካሴት ስንሸጥ የኖርን ሰዎች፣ ስለ አኮርዲዮንና ስለ ቅጂዎቹ ታሪክ ጥቂት እንበል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከቪየና እስከ አሜሪካ

ሲሪል ዴሚያን የተባለ የመሣሪያ ሠሪ በ1829 ቪየና ከተማ ላይ “አኮርዲዮን” በሚል ስም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ያርገበግባል፤ ጣት የነካው ቁልፍ ደግሞ የትኛው ምላስ እንደሚናገር ይወስናል። መብራት አይጠይቅም፤ አንድ ሰው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎት በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራው አጃቢውን ይጫወታል። ለሠርግና ለድግስ ከዚህ የሚመች መሣሪያ አልነበረም።

በ1830ዎቹ ደግሞ በቦሄሚያ፣ ዛሬ ቼክ በምንለው አገር፣ ፖልካ የሚባለው የጥንዶች ጭፈራ ተነሣ። በ1840ዎቹ ፓሪስን አጥለቀለቀ፤ ኋላም ከስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። አኮርዲዮንና ፖልካ የተጣመሩት በየመንደሩ ጭፈራ ነው። ከስሎቬንያ ስደተኞች ተወልዶ ክሊቭላንድ ከተማ ያደገው ፍራንኪ ያንኮቪች በ1940ዎቹ መጨረሻ በሸክላ ባስቀረጻቸው ዜማዎች ዝናው በመላው አሜሪካ ናኘ፤ በ1986 የግራሚ ሽልማት ለፖልካ ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነበር። የስደተኛ ልጅ የወላጆቹን ዜማ ይዞ እዚያ መድረሱን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለናል።

በዓለም ላይ እጅግ የታወቀውን ፖልካ የደረሰው ቼኩ ያሮሚር ቬይቮዳ ሲሆን፣ ዘመኑም 1927 ነበር። በ1939 ጀርመናዊው አኮርዲዮን ተጫዋች ቪል ግላሄ የቀረጸው ሸክላ አሜሪካን አዳረሰ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በሁለቱም ወገን የተሰለፉ ወታደሮች ዘፈኑት። እንግሊዝኛው ስለ ቢራ በርሜል የሚያወራ የፈንጠዝያ ዘፈን ነው። የቼክኛው ግጥም ግን ስለ ባከነ ፍቅር የሚያዝን ነው። እግር እየጨፈረ ልብ ሲያዝን፣ ትዝታ ላደግንበት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አኮርዲዮን በእኛ ሰፈር

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አኮርዲዮን በቴአትር ቤቶችና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ይሰማ ነበር። ለቅኝታችን የተመቸበትም ምክንያት አለው። ባለ ፒያኖ ቁልፍ በሆነው አኮርዲዮን ላይ ጥቁሮቹን ብቻ የነካ ሰው አምስት ድምፅ ያገኛል፤ እነዚያም አምስቱ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸው። በዚያ ላይ ወናፉ ድምፁን እንደ ሰው እስትንፋስ ሊያሳድገውና ሊያከስመው ይችላል።

ጎረቤቶቻችንም ወደውታል። ሱዳኖች ከቫዮሊን ጋር አዋህደው የዘፈናቸው መለያ አደረጉት። በዛንዚባር ታራብም ከቃኑንና ከዑድ ጎን ቦታ አገኘ። እዚሁ ኬንያ ደግሞ ኪኩዩዎች ምዎምቦኮ የሚሉት ጭፈራ አላቸው። በ1940ዎቹ ወጣቶቹ የነጮቹን ጭፈራ ተመልክተው በራሳቸው ቋንቋ የራሳቸው አደረጉት። አኮርዲዮን ይነፋል፤ አጠገቡ የብረት ቀለበት ይመታል፤ ጥንዶቹም ረጋ ብለው ይራመዱና ጎንበስ ይላሉ። እኛ ሱቅ በከፈትን ሰሞን ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ኬንያዊ አዛውንት ማታ ማታ ምዎምቦኮ ሲከፍቱ፣ እኛም የአገራችንን ካሴት ስንከፍት፣ ሁለቱ ድምፆች በረንዳ ላይ ይገናኙ ነበር። ስዋሂሊያችን ገና የተሰባበረ ቢሆንም በአኮርዲዮን ተግባብተናል።

ሱቅ ያተረፈው ካሴት

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኦርጋንና ሲንተሳይዘር በረከቱና አኮርዲዮን ከመድረክ ራቀ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በልጅነቱ የተማረው አኮርዲዮን ነበር። ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ፣ የልጅነት መሣሪያውን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋድዶ ብቻውን “ሸሞንሟናዬ” የተባለውን ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣም መኪናው ውስጥ ሆኖ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።

ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ካለ የካሴት ሱቅ አገኘው። በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። እኛ ይህን ስንሰማ የመጀመሪያ ሐሳባችን ስለዚያ ባለ ሱቅ ነበር። ካሴቱን አልጣለውም፤ በላዩም አልቀዳበትም።

እኛ ግን ቀድተንበታል። የማኅበራችን የመጀመሪያ የእንቁጣጣሽ በዓል ሲከበር፣ አብዛኞቻችሁ ጋሼ እያላችሁ የምታስታውሷቸው አዛውንት አኮርዲዮናቸውን ይዘው መጥተው ሌሊቱን አጫውተውን ነበር። በአንዲት ቴፕ ቀዳናቸውና ካሴቱን ሱቃችን መደርደሪያ ላይ አኖርነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት እኅት መንገደኛ ሊሄድባት ሲል፣ ለእናቷ በድምፅ የምትልከው ደብዳቤ የምትቀዳበት ባዶ ካሴት ፈልጋ እየሮጠች መጣች። ባዶ አልነበረንም፤ የቀረበልንን አንሥተን ሰጠን። ደብዳቤው አዲስ አበባ ደረሰ፤ የጋሼ አኮርዲዮን ግን ከሥሩ ጠፋ። ያወቅነው ዘግይተን፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ከአሜሪካ ደውላ “የአባቴ ካሴት እናንተ ጋ ነው አሉኝ” ስትለን ነው። የነገርናት እውነቱን ነው። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለችና “አይዟችሁ፣ ደብዳቤም ድምፅ ነው” አለችን። እስከ ዛሬ ግን ያ ዝምታዋ ከጆሯችን አልወጣም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለን። በዚያ ሌሊት ሌላም ቴፕ የያዘ ሰው እንደነበረ እናስታውሳለን። እባካችሁ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ ፈትሹ። ካሴት ስታገኙ ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ያኔ ማንም ተሳስቶ ሊቀዳበት አይችልም። የቴፑን ራስ በአልኮል ሳታጸዱ አታጫውቱ፤ ከፀሐይና ከምድጃ አርቁት። ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ገልብጡትና ማን እንደተጫወተ፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጻፉበት። እኛም ሱቃችን ውስጥ የምትሠራ ቴፕ አስቀምጠናል፤ የሚያመጣ ሁሉ ቡና ጠጥቶ፣ ቅጂውንም አስገልብጦ ይሂድ።

የጋሼ ድምፅ ከአንዳችሁ ቤት እንደሚገኝ ተስፋ እናደርጋለን። ባይገኝም የሌሎቹ እንዳይጠፋ እንጠንቀቅ። ለ50ኛው ዓመት የወርቅ ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርሰን። መልካም በዓል።