ቁስሉ ከደረቀ በኋላ፦ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎች የመደጋገፍ ታሪክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በእንቅርት ቀዶ ሕክምና የስዊዘርላንዱን ሐኪም ቴዎዶር ኮኸርን የሚተካከል አልነበረም። በአልፕስ ተራሮች ግርጌ እንቅርት የየመንደሩ ሕመም ነበር። ቀዶ ሐኪሞች ግን በሽተኛው ደም ፈስሶት እጃቸው ላይ እንዳይሞት አንገት መክፈት ይፈሩ ነበር። ኮኸር በበርን ከተማ ደሙን እየገታ፣ ንጽሕናውን እየጠበቀ፣ ያበጠውን የታይሮይድ ዕጢ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ቻለ። ቁስሉ ይደርቃል፣ በሽተኛው አመስግኖ ወደ ቀዬው ይመለሳል፣ መዝገቡም ይዘጋል።

በ1874 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕጢዋን ያወጣላት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ ማደግ አቆመች፤ አእምሮዋም ፈዘዘ። ይህን ያስተዋለው ኮኸር ሳይሆን የአካባቢዋ ሐኪም ነው። የጄኔቫው ቀዶ ሐኪም ዣክ ልዊ ሬቨርዳን በ1882 ተመሳሳይ ነገር ማየቱን ሲነግረው ኮኸር የቀድሞ በሽተኞቹን እያፈላለገ አስጠራ። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከመጡለት 18 ሰዎች 16ቱ ፊታቸው አብጦ፣ ንግግራቸው ተጎትቶ፣ በብርድ እየተሰቃዩ አገኛቸው። በ1883 ያየውን ሁሉ ሳይደብቅ ለጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ተናገረ፤ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣትም ተወ። በ1909 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ዓለም ያከበረው ስለ ታይሮይድ ዕጢ የሠራውን ሥራ ነው። እኔ የማከብረው ግን ያን ጥሪውን ነው። መልሱ ለዓመታት በበሽተኞቹ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

የታይሮይድ ካንሰር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በሐኪሞች ድል ነው። ድሉ እውነተኛ ነው፣ ትልቅም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ድል ለታማሚው አንድ አዲስ ኑሮ ትቶለት ሄዷል፤ ያን ኑሮ እንዴት እንደሚኖሩት የሚያስተምር ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆየ። የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት የተወለዱት ከዚህ ጉድለት ነው።

ዕጢ የሌለው ሰው እንዲኖር ያስቻለው መድኃኒት የመጣው በ1891 ነው። የኒውካስሉ ሐኪም ጆርጅ መሪ ታይሮይዷ መሥራት ላቆመ አንዲት የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ወጋት። ሴትዮዋ ተነሣች፤ 28 ዓመት ተጨማሪ ኖረች። ለዚህም ከ870 የሚበልጡ በጎች ዕጢ አስፈልጓል። ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል በ1914 የገና ዕለት በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የታይሮይዱን ሆርሞን ለይቶ አወጣ፤ ከዚያም ሰው ሠራሹ ተከተለ። ዛሬ ታይሮይዱ የወጣለት ሰው በየማለዳው የሚውጣት ትንሽ ክኒን የዚህ ሁሉ ልጅ ናት።

ሁለተኛው ድል የአዮዲን ነው። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ስለሆነ በደም ውስጥ ያለውን እየለቀመ ያከማቻል። ኅዳር 1936 በቦስተን በተደረገ አንድ የምሳ ንግግር ላይ ወጣቱ ሐኪም ሶል ኸርትዝ አዮዲንን በሰው ሠራሽ መንገድ ጨረር አመንጪ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምን (ኤም.አይ.ቲ.) ፕሬዚዳንት ካርል ኮምተንን ጠየቀ። ይቻላል ከተባለ ዕጢው ራሱ መድኃኒቱን ለቅሞ ወደ ውስጡ ያስገባዋል ማለት ነው። መጋቢት 1941 ኸርትዝ ታይሮይዱ ከልክ በላይ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን መጠን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሰጠ። በ1946 ደግሞ የኒውዮርኩ ሳሙኤል ሳይድሊንና ባልደረቦቹ የአንድ ታማሚን ታሪክ አሳተሙ። ሰውየው ዕጢው ከወጣለት ዓመታት አልፈውታል፤ ካንሰሩ ግን ወደ ሌላ የአካሉ ክፍል ተሰራጭቶ እዚያም ሆርሞን ይሠራ ነበር። ጨረር አመንጪው አዮዲን ተከታትሎ ካንሰሩን ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ አገኘው። በካንሰር ሕክምና ታሪክ በሽታውን በየተሸሸገበት ለይተው ከሚመቱ መድኃኒቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

ይህ ሕክምና በታማሚው ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ግን በዝርዝር መታየት አለበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ታይሮይዷ በካንሰር ምክንያት የወጣላትን ሴት እናስብ። ሴት ያልኩት በሽታው ሴቶችን ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚያጠቃ ነው። አዮዲኑ እንዲሠራ የቀሩት የካንሰር ሴሎች መራብ አለባቸው። ስለዚህ የሆርሞን ክኒኗን ለሳምንታት ታቆማለች። ያኔ ኮኸር በ1883 ያያቸው ሰዎች ወደነበሩበት ሁኔታ ሆን ተብሎ ትገባለች፤ ፊቷ ያብጣል፣ ይበርዳታል፣ ቃል ይጠፋባታል፣ መኪና መንዳት ያሠጋታል፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ደግሞ አዮዲን ያለበት ምግብ አትነካም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው፣ የባሕር ምግብ፣ ወተትና አይብ፣ የእንቁላል አስኳል፣ የሱቅ ዳቦ ሁሉ ይቀራል። ከዚያ መድኃኒቱን በሚሰጣት ሰውና በእሷ መካከል ርቀት ይደረጋል፤ እርሳስ በተገጠመ ዕቃ የመጣውን እንክብል ትውጣለች፤ ለቀናትም ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች። በ1997 የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ደንቡን ሲያሻሽል ብዙ ታማሚዎች ሆስፒታል ሳይተኙ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ተፈቀደ። ጥሩ ነው፤ ግን ልጅን አለማቀፍ፣ ነፍሰ ጡር አለመቅረብ፣ አልጋና ዕቃ መለየት፣ ሽንት ቤትን ደጋግሞ ማጠብ፣ ይህ ሁሉ የቤተሰቡ ሸክም ሆነ።

እነዚህን ነገሮች ሐኪም በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ሊናገራቸው ይችላል። ሊያስተምራቸው ግን አይችልም። የሁለት ዓመት ልጇ በሩን እየደበደበ ሲጠራት ምን እንዳደረገች የምትነግርሽ ያለፈችበት ሴት ብቻ ናት።

ከታይሮይድ ካንሰር የተረፉ ሰዎች ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ታይካ፣ በአሜሪካ የተመሠረተው በ1995 ነው። የጀመሩት ጥቂት ታማሚዎች ናቸው፤ ሐኪሞች በአማካሪነት ያግዟቸዋል፤ ሥራውን የሚያንቀሳቅሱት ግን በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም ራሳቸው በሽታውን የቀመሱ። አዲስ ታማሚ ሲደውል ስልኩን የሚያነሣው ያንኑ ቀዶ ሕክምና፣ ያንኑ የብቻ ክፍል የሚያውቅ ሰው ነው። በየከተማው ተገናኝተው የሚጨዋወቱ ቡድኖች አቋቋሙ። ከ1998 ጀምሮ ታማሚውና ስፔሻሊስቱ በአንድ አዳራሽ የሚቀመጡበት ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳሉ፤ መስከረምን ስለ በሽታው የማስገንዘቢያ ወር አድርገውታል፤ ከ2003 ወዲህም ያሰባሰቡትን ገንዘብ ለተመራማሪዎች ይሰጣሉ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ አነስተኛ አዮዲን ያለበት ምግብ አዘገጃጀት መጽሐፋቸው ነው። ያዋጡት ታማሚዎች ናቸው፤ የሚታደለውም በነጻ ነው። «ይህን አትብላ» የሚለውን የሆስፒታል ወረቀት ወደ «ይህን ሠርተህ ብላ» የለወጡት እነሱ ናቸው። ክኒኑን አቁሞ ማሰብ የተሳነው፣ ከሶፋው መነሣት የከበደው ሰው ለራት ምን እንደሚሠራ ማወቅ ምን ያህል እፎይታ እንደሚሰጠው ጤነኛ ሰው በቀላሉ አይገባውም። ጉባኤው በተጀመረበት በ1998 ክኒኑን ሳያቋርጡ ለአዮዲን ሕክምናም ሆነ ለምርመራ የሚያዘጋጅ መርፌ የአሜሪካን ገበያ ሲያገኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ለምርመራ ብቻ ነበር፤ ዋጋውም ውድ ነበር። ስለዚህ የሳምንታቱ መከራ በአንድ ቀን አልጠፋም።

በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ከሚሰሙ ቅሬታዎች ሁሉ የከረመው አንድ ነው፤ «ካንሰር ከሆነ ይሄኛው ይሻላል፣ ዕድለኛ ነህ» መባል። የተናገረው ሰው ለማጽናናት ነው፤ ቁጥሩም ይደግፈዋል፤ የተለመዱት ዓይነቶች አብዛኞቹ ይድናሉ። ይሁን እንጂ ዕድለኛ የተባለ ሰው ማዘን አይፈቀድለትም። ዕድሜ ልክ ክኒን፣ ዕድሜ ልክ የደም ምርመራ፣ በየቀጠሮው የሚመለስ ፍርሃት ይዞ ዝም ይላል። ከዚህም የከፋው፣ ይህ ማጽናኛ ለሁሉም እውነት አለመሆኑ ነው። ሜዱላሪ የሚባለው ዓይነት አዮዲን አይለቅምም፤ ስለዚህ የአዮዲኑ ሕክምና አያገኘውም። ከፊሉ በዘር ይተላለፋል፤ ምክንያቱ የሆነው ጂን ተለይቶ በ1993 ከታወቀ ወዲህ ወላጆች ገና ያልታመመ ሕፃናቸው ታይሮይዱ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚል ውሳኔ ፊት ይቆማሉ። አናፕላስቲክ የሚባለው ብርቅ ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይገድላል። ለእነዚህ ሰዎች አዳዲስ መድኃኒቶች መምጣት የጀመሩት ከ2011 ወዲህ ነው። ታይካ ለየዓይነቱ የተለየ ቡድን ማደራጀቱ ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በወራት የሚቆጠር ዕድሜ የቀረው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት ከዳነ ሰው ጋር በአንድ ክብ ተቀምጦ የሚጽናና አይመስለኝም።

በሽታው ድንገት የዓለም ወሬ የሆነው በቼርኖቤል ነው። ሚያዝያ 1986 የፈነዳው የኑክሌር ማመንጫ የረጨው ጨረር አመንጪ አዮዲን በሣርና በወተት በኩል ወደ ልጆች ታይሮይድ ገባ። በ1992 የቤላሩስ ሐኪሞች በልጆች ላይ የካንሰሩን መብዛት ሲያሳውቁ ከሰሟቸው ብዙዎቹ አላመኗቸውም። እስከ 2005 ድረስ ያኔ ልጆችና ወጣቶች ከነበሩት መካከል ከ6,000 በላይ ታመዋል፤ የሞቱት 15 ናቸው። እዚህም ቢሆን ሕክምናው ነፍስ አተረፈ፤ በአንገታቸው ጠባሳ ይዘው ያደጉት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ኑሮ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ሌላው ፈተና የመጣው ከደቡብ ኮሪያ ነው። አገሪቱ ከ1999 ጀምሮ የካንሰር ምርመራን በአገር አቀፍ ደረጃ ስታስፋፋ የአንገት አልትራሳውንድ በርካሽ ይታከል ጀመር። በ2011 በታይሮይድ ካንሰር ተይዛችኋል የተባሉት ሰዎች መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ፤ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ሳይታወቁ ከሰው ጋር ኖረው የሚቀበሩ ጥቃቅን ካንሰሮች ነበሩ የሚታደኑት። የጃፓኑ ኩማ ሆስፒታል ግን ከ1993 ጀምሮ እንደነዚህ ያሉትን ቀዶ ሳያደርግ እየተከታተለ ሲጠብቅ ቆይቷል። በ2016 ደግሞ ዓለም አቀፍ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ቡድን ወደ ውጭ ያልዘለቀ አንድ ዓይነት የታይሮይድ እብጠት ካንሰር ተብሎ እንዳይጠራ ወሰነ፤ 109 ታማሚዎች ከ10 እስከ 26 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ሁሉም ደህና ሆነው ስለተገኙ ነው። «አንገታችሁን ተመርመሩ» እያሉ ለዓመታት የቀሰቀሱ ማኅበራት ይህን መስማት ከባድ እንደሚሆንባቸው ይገባኛል። ቢሆንም መልእክታቸው መለወጥ ያለበት ይመስለኛል። ምልክት የሌለው ጤነኛ ሰው ሁሉ ይመርመር ማለት ያላስፈለገ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። እየጠነከረ የሚሄድ እብጠት ወይም ሳይለቅ የቆየ የድምፅ መጎርነን ያለው ሰው ግን መዘግየት የለበትም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2007 የታተመ ሰፊ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተወሰነ፤ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጨዋቸው ከተመረመረ አሥር ቤቶች ዘጠኙ ገደማ አዮዲን ያለበት ጨው ነበራቸው። ትልቅ እመርታ ነው። ይሁንና እንቅርት ለዘመናት የተለመደ ስለሆነ በውስጡ ካንሰር የተደበቀበት እብጠት ከሌላው ተለይቶ አይታይም፤ ሰው እናቷም ነበረባት፣ አያቷም ነበረባት ብሎ ይተወዋል። ጨረር አመንጪው አዮዲን ደግሞ በየስምንት ቀኑ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ የኑክሌር ሬአክተር የሌላት እንደ ኢትዮጵያ ያለች አገር ራሷ ልታመርተው፣ ለረጅም ጊዜም ልታከማቸው አትችልም፤ ባስፈለገ ቁጥር ከውጭ ማስመጣት አለባት።

ለካንሰር ታማሚ የሚቆም ማኅበርም በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2004 ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ማረፊያ ላጡ ታማሚዎች መኝታና ምግብ ያቀርባል። ይህ እንደ ኮኸር ጥሪ በሽተኛው ከሆስፒታል በር ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ነው።

ለታይሮይድ ታማሚዎች ደግሞ በአማርኛ የሚዘጋጅ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ላለችውም አዲስ አበባ ላለችውም የሚያገለግል መመሪያ ቢኖር እመኛለሁ። ይዘቱ ከታይካ መጽሐፍ ሊገለበጥ አይችልም። ወተት፣ ቅቤና የእንቁላል አስኳል የሚከለክለው ዝርዝር ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ ጾም ነው፤ ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ቤት የተጋገረው እንጀራም አለ። በጾም ዓሣ የሚበላ ግን እሱንም ይተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ጨው ነው፤ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ገና ሲፈጭ አዮዲን ያለበት ጨው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ለእነዚያ ሳምንታት ያለ ጨው የተዘጋጀ ለብቻ መያዝ ይገባል። ስለ ቡናም መጻፍ አለበት፤ የማለዳው ክኒን በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ያለዚያ ሆርሞኑ በደንብ አይሰርግም። የምታጠባ እናት ከአዮዲኑ ሕክምና ሳምንታት አስቀድማ ማጥባት ማቆም እንዳለባት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚኖር ሰውም መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ልጆቹ የትኛዋ አክስት ወይም የትኛው ጎረቤት ቤት እንደሚያድሩ ከሐኪሙ ጋር መምከር እንደሚገባው ሊጻፍ ይገባል።