ስለ ቀስትና ስለ ጠመንጃ አደን

ይስሐቅ በሸመገለ ጊዜ ልጁን ዔሳውን ቀስቱንና የፍላጻውን አፎት ይዞ ወደ ዱር እንዲወጣ እንዳዘዘው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዘመን በአዳኝና በአውሬ መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በአዳኙ ክንድ ብርታት ነበር። ጠመንጃ ከተሠራ ወዲህ ግን ይህ ልክ ፈረሰ። መፍረሱም ምን እንዳስከተለ ከአሜሪካ የዋላ አደን ታሪክ ልንረዳው እንችላለን። ዋላ ያልነው፣ ወንዱ ቅርንጫፍ ያለውን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ ሌላ የሚያበቅለው፣ በእኛ አገር ዱር የማይገኘው እንስሳ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ የተራበ ሰው ብቻውን ከዱር ወጥቶ ተገኘ። ይህ ሰው ያሂ ከተባለው ነገድ የቀረ የመጨረሻው ነበር። ወገኖቹን ከ1850 በኋላ በነበሩት ዓመታት ጠመንጃ የያዙ ሰፋሪዎች፣ ረኀብና በሽታም ጨምረው፣ ፈጅተዋቸዋል። የገዛ ስሙን ለባዕድ ለመናገር ስላልፈቀደ፣ ሊቃውንቱ በነገዱ ቋንቋ «ሰው» ማለት የሆነውን ኢሺ የሚለውን ስም አወጡለት። በሳን ፍራንሲስኮ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር ሲኖርም ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጁ ሆኖ የቀስትን ጥበብ ከእርሱ ተማረ።

የኢሺ ቀስት ከጥድ እንጨት ተጠርቦ በጅማት የተለበጠ ሲሆን፣ የፍላጻው ጫፍ ከባልጩት ድንጋይ ይሠራ ነበር። ለአደን ሲነሣ ሽታው ዋላውን እንዳያስደነብረው ዓሣ አይበላም፤ ትምባሆም አያጤስም፤ ማልዶም በወንዝ ይታጠባል። የታጠፈ ቅጠል በከንፈሩ ይዞ እንደ ግልገል እየጮኸ ዋላዋን ወደ ራሱ ይጠራት ነበር። ፍላጻውንም የሚሰድደው ከ50 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ነው። ፍላጻ የሚገድለው በስለቱ ቈርጦ ደም በማፍሰስ ስለ ሆነ፣ ልብን ወይም ሳንባን ከሳተ እንስሳው ቈስሎ ይሸሻል። ስለዚህ ባለ ቀስት በእጅጉ ሳይቀርብ ሊሰድድ አይገባውም።

ባለ ጠመንጃ ግን ዋላው ሳያየውና ሳያሸተው ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ሊጥለው ይችላል። መልካም አነጣጣሪ ከሆነ እንስሳው ብዙ ሳይሠቃይ ይሞታልና፣ ይህን ምስጋና ልንነፍገው አይገባም። ነገር ግን ጠመንጃ ከባቡር ሐዲድና ከሥጋ ገበያ ጋር በተባበረ ጊዜ ጥፋቱ ልክ አጣ። አስቀድሞ በብዙ ሚሊዮን ይቈጠር የነበረው ጅራተ ነጭ ዋላ በ1900 ገደማ ወደ 500,000 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ እንደ ነበር ይገመታል።

በዚያው ዓመት የወጣው የሌሲ ሕግ ያለ ፈቃድ የታደነ አውሬ ከግዛት ወደ ግዛት ተወስዶ እንዳይነገድ ከለከለ። በ1937ም ከአደን ጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰብ ግብር ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ተደነገገ። ዛሬ የዚህ ዋላ ቍጥር 30 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። እንግዲህ ቀስት ልኩን በራሱ ውስጥ ይዞ ሲኖር፣ ለጠመንጃ ግን ልኩ ከውጭ ሊጻፍለት ግድ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቀስትም ቢሆን እንደ ጥንቱ አልቀረም። በ1969 በጫፎቹ መዘውር ላለው ቀስት የፈጠራ መብት ከተሰጠ ወዲህ ፍላጻ ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖና ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ባለ ቀስትም በቀስቱ ተመክቶ ያለ ሕግ ልኑር ሊል አይችልም። መሣሪያ ሁሉ በሠሪው ብልሃት ይረዝማል፤ ልክን የሚያውቅ ግን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈ። ፖፕ ከእርሱ የተማረውን በ1923 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1934ም ዊስኮንሲን የተባለው ግዛት ዋላን በቀስት ብቻ ለማደን የተለየ ወራት ፈቀደ። ወገኖቹን ጠመንጃ የፈጀበት ያ ብቸኛ ሰው፣ ለባለ ጠመንጃዎቹ ልጆች ቀርቦ መታገሥን አስተምሮ አለፈ። የታሪክ አንባቢም የመሣሪያን ኀይል ሲያደንቅ፣ በዚያ ኀይል የጠፉትን ጭምር ማስታወስ ይገባዋል።