ልጓሙ በባዕድ እጅ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰባሰቡ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። በዓሉ የዓድዋ ፈረሶችን ውለታ ይዘክራል። የዚያ ዘመን ጦራችን ለጠብመንጃው ባዕድን ቢሻም ለጉዞው ግን አልሻም፤ ፈረሱም በቅሎውም የአገሩን ሣርና ገብስ በልቶ ይዘምት ነበር።

ከዓድዋ 40 ዓመት በኋላ ፋሽስት ኢጣልያ በካሚዮን፣ በታንክና በአውሮፕላን መጣች። ነዳጁን ግን የምትሸምተው ከውጭ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀቡን ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲያውል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ክፍት ሆኖ ቆየ። ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ ሙሶሊኒ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበረ፣ እርሱ ራሱ በ1931 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ለሂትለር መናገሩን አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት ጽፏል።

ያኔ ያልተሳበው ልጓም ሰኔ 1932 ዓ.ም. ተሳበ። ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ስዊዝ ተዘጋባት። በአገራችን የነበረው ጦሯ በመጋዘን ባለው ነዳጅና ጎማ ብቻ ቀረ፤ እጥረቱም ወደ መከላከል ስልት ገፋው። ከሱዳን በበላያ በኩል የገባው የዊንጌት ጦር ግን ስንቁን የጫነው በግመል ነበር፤ አብዛኞቹ ግመሎች በመንገድ ቢያልቁም፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀ። ይህን ድል ያመጣው የነዳጅ እጥረት ብቻ ነው አልልም፤ ጠላትን በየምሽጉ አፍነው የያዙት አርበኞች ደም አለበት።

ዛሬ ልጓሙ የእኛ አፍ ውስጥ ነው። ለኢትዮጵያ ያጣራ የነበረው የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ቆመ፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ የአሰብ መንገድም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ታንካችንን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ በዋናነት የሚገባው በጂቡቲ ነው። ስለዚህ የመከላከያ ፖሊሲያችን፣ ወደድንም ጠላንም፣ ከአንድ ጎዳና ደኅንነት ይጀምራል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ባሕር ኃይልን መልሶ የማቋቋም ሐሳብም፣ የባሕር በሩ ክርክርም፣ በእኔ እይታ ከዚሁ ጭንቀት ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

በእንጅባራና በቻግኒ አድርጎ ወደ ጉባ ይጓዝ የነበረውን የጭነት መኪና ሰልፍ ላየን ሰዎች፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ደስታው እጥፍ ነበር። ኤሌክትሪክ ታንክ አይነዳም፤ አውቶቡስና ባቡር ግን ይነዳል፤ ከእነርሱ የተረፈው ነዳጅም ለክፉ ቀን ይቀመጣል። በሸመተው ነዳጅ ጦርነት የሚያቅድ መሪ ቢኖር፣ አስቀድሞ የ1933ቷን ዳንግላ ያስታውስ።