የፍሬን ማሻሻያ በፋብሪካ ዕቃ
የመኪናን ፍሬን አምራቹ ለከባድ ወይም ለአዲስ ሞዴሉ በሠራው ዕቃ መተካት። ለምሳሌ የቆቦ ከተማ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የራያ ሜዳ ላይ ስላለች ደካማ ፍሬን እዚያ ብዙም አይጋለጥም፤ ፈተናው ከኮረም በግራ ካሕሱ ወደ አላማጣ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በከባድ ማርሽ ያልወረደ ሾፌር ዲስኩንና የፍሬን ዘይቱን ያግላል። ዶት 3 የፍሬን ዘይት፣ ደረጃው እንደሚጠይቀው፣ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሰፊ ዲስክ ሙቀቱን ይሸከማል፤ ትልቅ ካሊፐር ግን ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ የፍሬን ፖምፓው ሊመጥነው፣ ቸርኬውም ሊያስገባው ይገባል። ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። ቀላሉ ማሻሻያ በላንድክሩዘር 80 የፊት ፍሬን ላይ የ100ውን ተለቅ ያለ ሸራ መግጠም ነው።