ማሽካንታው የመረጠልን ሰፈር

በእስራኤሏ የኔታንያ ከተማ ውስጥ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ልጆች በብዛት የት እንደሚኖሩ ለማወቅ ካርታ መዘርጋት አያስፈልግም። ሄፍጺባ ወይም ኪርያት ኖርዳው ሲባል የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በምሥራቅ በኩል ያለው ኪርያት ሀሻሮን ሲጠራ ግን የሚታሰበው ሌላ ኑሮ ነው፤ ሊፍት ያለው ረጅም ሕንፃ፣ ሰፊ መንገድ፣ ከሥር የመኪና ማቆሚያ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «የእኛ ሰው ተጠጋግቶ መኖር ይወዳል» ይባላል። ሌላው ሰው ይህን ሲል ይሰማል፤ ከእኛም ውስጥ የሚለው ብዙ ነው። እኔ ግን ይህ መልስ ከእውነቱ ጥቂቱን ብቻ የያዘ ይመስለኛል። ሰፈራችንን ከወሰኑት ነገሮች ሁሉ ትልቁ እኛ ከመምጣታችን ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ለሌሎች አዲስ ገቢዎች በጥድፊያ የተሠራው ተራ ቤት ነው፤ ያ ቤት የወጣለት ዋጋና የመግዣ ብድሩ ጣሪያ ሲገናኙ አድራሻችን ተወሰነ። ይህን ለማየት ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኔታንያ የተቆረቆረችው በ1929 ነው። ስሟ የተሰየመው የኒው ዮርኩ የሜሲስ መደብር ከባለቤቶቹ አንዱ በነበረው በአሜሪካዊው ነጋዴ በናታን ስትራውስ ነው። መሥራቾቿ ያሰቧት የብርቱካን እርሻ መንደር ነበረች፤ ባሕሩ የመዝናኛ ከተማ አደረጋት፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአልማዝ ከተማ አደረጋት። በ1940 ጀርመን ቤልጂየምን ስትይዝ የአንትወርፐን የአልማዝ ሥራ ቆመ፤ በዚያን ጊዜ ኔታንያ ውስጥ ገና የጀመሩት የአልማዝ መቁረጫና ማለስለሻ ቤቶች በአንድ ጊዜ ገበያ አገኙ። ከመሥራቾቿ አንዱ የነበሩት፣ በኋላም ከንቲባ የሆኑት ዖቬድ ቤን አሚ ለዚህ ሙያ ብዙ ደክመዋል። በ1948 መጨረሻ ኔታንያ ከእስራኤል ነፃነት በኋላ የከተማነት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ያን ጊዜ ግን የከተማዋን መልክ የሚለውጠው ማዕረጉም አልማዙም አልነበረም፤ ከአጠገቧ በይት ሊድ ላይ በተተከለው የአዲስ ገቢዎች ሰፈር ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ሕዝብ ነበር።

አገሪቱ ስትመሠረት የነበራት የአይሁድ ሕዝብ 650 ሺህ ያህል ነበር፤ እስከ 1951 መጨረሻ ድረስ የገባው ደግሞ ከዚያ የማያንስ ነው። ከ200 ሺህ በላይ ሰው በማዓባራ፣ ማለትም በቆርቆሮ፣ በጨርቅና በእንጨት መጠለያ ይኖር ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ቤት ሠሪ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ስንት ቤት፣ በስንት ወር? መልሱ ሺኩን፣ በብዛት የሚሠራ የመኖሪያ ቤት፣ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ከ30 ካሬ ሜትር ብዙም የማይርቁ ነበሩ፤ እየቆየ ወደ 50፣ ከዚያም ወደ 60 አደጉ። ግድግዳው ብሎኬትና ልስን፣ ደረጃው በጋራ፣ ሊፍት የለም፤ ወደ ጎን የረዘሙትን ሕንፃዎች ሕዝቡ «ራኬቬት»፣ ባቡር፣ ይላቸው ነበር። በ1949 የተቋቋመው የቤቶች ኩባንያ አሚዳር የሚያከራየውና የሚያስተዳድረው ይህን ዓይነቱን ቤት ነው። አርክቴክት አርዬ ሻሮን የመሩት የአገሪቱ ፕላን በ1951 ሲታተም እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ክሊኒክና የራሱ ትንሽ የሱቅ ማዕከል እንዲኖረው አሰበ። ይህ «የሰፈር አሃድ» የሚባለው ሐሳብ አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ ኔታንያ በተቆረቆረችበት በዚያው በ1929 ለኒው ዮርክ ያሳተመው ነው። የኔታንያ የድሮ ሰፈሮች መሃል ላይ የምናያቸው ማኮሌት (የሸቀጥ ሱቅ)፣ ጸጉር ቤትና ጫማ ሰፊ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩባቸው ዝቅተኛ ሕንፃዎች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ወደ እነዚህ ቤቶች በመጀመሪያ የገቡት እኛ አይደለንም። የሊቢያ አይሁዶች ኔታንያን ዋና ማረፊያቸው አድርገዋታል፤ ከሞሮኮ፣ ከሩማንያና ከፖላንድ የመጡም ነበሩ። እነርሱም በ50 ካሬ ሜትር ውስጥ ብዙ ልጅ አሳድገዋል፤ ከአገራቸው ሰው ጋር ተጠጋግተው ኖረዋል፤ የራሳቸውን ጸሎት ቤት ከፍተዋል። ገቢያቸው ሲሻሻል ግን ብዙዎቹ ልጆቻቸው ወደ ሰፋፊ ቤት ሄዱ። ያ ጥለውት የሄዱት ቤት አረጀ፤ ከአዲሱ ጋር ሲተያይ ዋጋው ዝቅ አለ፤ በገበያ ላይም ሁልጊዜ ይገኝ ነበር። ለዚህ ክርክር ዋናው ማስረጃ ይህ ነው፤ የእኛ ሰው ቤት መግዣ ብድር ይዞ ሲመጣ የኔታንያ ርካሽ ቤት የትኛው መንገድ ላይ እንዳለ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር።

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ የእኛ ሰው በሙሴ ዘመቻ መጣ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ገባ። በዚያው ወቅት ከሶቪየት ኅብረት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው እየገባ ስለነበር የቤት ዋጋ ናረ። የእኛ ቤተሰቦች በመርካዝ ክሊታ (በአዲስ ገቢዎች መቀበያ)፣ በሆቴልና ከከተማ በራቁ የካራቫን ሰፈሮች ቆዩ። ያየር ጻባን የክሊታ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ በ1993፣ ልዩ ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር፣ ተፈቀደ፤ ከብድሩ ትልቁ ክፍል በስጦታ መልክ ነበር። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ሰው ከካራቫን ወጥቶ ሥራ በሌለበት ሩቅ ከተማ ሳይሆን በአገሪቱ መሃል ሥራ ባለበት ከተማ ቤት እንዲገዛ ታስቦ የቦታዎች ዝርዝር ወጣ። ነገር ግን ብድሩ ጣሪያ ነበረው፤ ቤተሰቡ ደግሞ ሌላ ቁጠባ አልነበረውም። በተፈቀደው ከተማ ውስጥ በዚያ ገንዘብ የሚገኘው ቤት በድሮው ሺኩን ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ከተማውን መረጠ፤ ጣሪያው መንገዱን መረጠ። ይህ የሆነው በኔታንያ ብቻ አይደለም፤ በሬሆቮት ኪርያት ሞሼ፣ በገዴራ ሻፒራ፣ በሐዴራ፣ በአፉላና በኪርያት ማላኪም ታሪኩ ያው ነው። እርስ በርሳቸው በማይመሳሰሉ ከተሞች ሁሉ የእኛ ሰው ያረፈው በአንድ ዘመን በተሠራ በአንድ ዓይነት ቤት ከሆነ ምክንያቱን ከሰዉ ጠባይ አስቀድሞ በቤቱ ዋጋ ላይ መፈለግ ተገቢ ነው።

ይህ የገንዘብና የአድራሻ ዝምድና በሌላ አገር በደንብ የተመረመረ ነገር ነው። አሜሪካ በ1933 ባቋቋመችው የቤት ባለቤቶች ብድር ድርጅት አማካይነት የከተሞች ካርታ ተሠርቶ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በቀይ ተቀቡ፤ በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም ለነዚያ ሰፈሮች የብድር ዋስትና ነፈገ። ከ1947 ጀምሮ በተሠራችው የመኖሪያ ሰፈር በሌቪታውን ጥቁር ቤተሰብ እንዳይገባ በውል ተጽፎ ነበር፤ የቤት አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። የእኛ ጉዳይ እንደዚያ ነው ማለቴ አይደለም። እዚህ የቀለም ካርታ አልተሳለም፤ ብድሩም አልተነፈገም፣ እንዲያውም በልግስና ተሰጠ። ከዚያ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የብድር ደንብ የሚጽፍ ሰው ቢያስበውም ባያስበውም ሰፈር ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው መቃወሚያ ልመለስ። ሰዉ ዘመዱን አይፈልግም ነበር ወይ? ይፈልግ ነበር። ጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል መንደሮች በዘር የተሳሰሩ ነበሩ፤ ጸሎት ቤቱ፣ ውሃው፣ የመርገም (የወር አበባ) ጎጆው ሁሉ ለሁሉም ቅርብ መሆን ነበረበት። ሰንበትን የሚያከብር ሰው በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ጸሎት ቤት ያስፈልገዋል፤ ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት ያስፈልገዋል፤ ቄስ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ፍላጎት የሚያስረዳው አንድ ላይ መኖርን እንጂ የት መኖርን አይደለም። ዘመዱን የሚወድ ሰው አያቱን አራት ፎቅ በደረጃ ማውጣትን አይመርጥም። ገንዘቡ ቢፈቅድ ኖሮ ያው ዝምድና ሊፍት ባለው ሕንፃ ውስጥም ይሰባሰብ ነበር። ደግሞም ሰፈሩን የወሰነው ፍላጎታቸው ቢሆን ኖሮ የገጠሩን መንደር መልክ ባገኙ ነበር። ሺኩኑ ግን ያን አልሰጠም። በመርገም ጊዜ ለብቻ የምትቀመጥ ሴት የምትሄድበት ጎጆ የለም፤ ሁለት መኝታ ቤት ባለበት ቤት አንዱን ክፍል ለይቶ መስጠትም የማይቻል ነው። ለብዙ ዘመን የኖረ ሥርዓት በአንድ ትውልድ ሲላላ ምክንያቱ የወጣቱ መዘንጋት ነው እየተባለ ይወቀሳል፤ የቤቱ ፕላን ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ስለ ሥራም እንዲሁ ነው። በጎንደር አካባቢ ባሉት መንደሮች፣ በወለቃም ሆነ በአምቦበር፣ ቤትና ሙያ አልተለያዩም ነበር። ርስት የተነፈገው ሕዝብ ኑሮው በእጁ ሙያ ላይ ነበር፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች፤ ወናፉም የሸማው ጉድጓድም ከደጃፍ ብዙ አይርቁም። በ1975 የመሬት አዋጅ እርሻ ሲገኝም ሙያው አልቀረም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ወናፍ አይነፋም፤ ሸክላም አይተኮስም። በፋብሪካ ምርት ፊት እነዚያ ሙያዎች ለማንኛውም ይቀሩ ነበር የሚል ይኖራል፤ ገበያቸው መጥበቡ አይካድም። ሆኖም ከቤቱ ሥራ ሁሉ በሰፊው የተረፈ አንድ አለ፤ የተረፈውም በሺኩኑ ኩሽና ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ነው። እንጀራ። ከማገዶ ምጣድ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻገረችው እናት በመጀመሪያ ለቤቷ ጋገረች፣ ቀጥሎ ለሰርግና ለሐዘን፣ ከዚያም በላስቲክ እያሸገች ለሱቅ። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክልም ጋጋሪዎቹ ሥራውን አልተዉም፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ጤፍና ሌላ ዱቄት እየቀላቀሉ ቀጠሉ። ይህ የንግድ ታሪክ ነው፤ በቁም ነገር ተጽፎ ግን እምብዛም አይገኝም። በርበሬው፣ ቡናው፣ ጌሾው፣ የሐበሻ ቀሚሱና ጀበናው የሚሸጥበት ሱቅም እንዲሁ በድሮው ሰፈርና በመሃል ከተማው ኪራዩ በሚቻል ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የተከፈተው። በ1950ዎቹ ለትንሽ ነጋዴ ታስቦ የተሠራው ክፍል ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ትንሽ ነጋዴ አገኘ። የኪርያት ሀሻሮን ዓይነት ሰፈር ምድር ቤቱ መግቢያ አዳራሽና መኪና ማቆሚያ ስለሆነ በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው እንዲህ ያለ ክፍል አይገኝበትም። ስለ ድሮው ሺኩን ክፉ ብቻ መናገር የማልፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመኖሪያ ጠበበ እንጂ ለንግድ በር ከፈተ።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ይከብዳል። ያ ማሽካንታ ባይኖር ኖሮ ብዙው ቤተሰብ እስከ ዛሬ ተከራይ ይሆን ነበር፤ ዛሬ የቤት ባለቤት ነው፤ ታዲያ ምን ይወቀሳል? ባለቤትነቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ርስት የለህም ተብሎ ለኖረ ሕዝብ። ነገር ግን ቤት ያላቸው ሁለት ሰዎች እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ በ1992፣ በአዲስ ቤት ሁሉ የተጠናከረ ክፍል፣ ማማድ፣ እንዲኖር በደንብ ተወሰነ። ኪርያት ሀሻሮን ከዚያ ወዲህ ያደገ ሰፈር ስለሆነ ሲረን ሲጮኽ ሰው ወደ ጓዳው ይገባል። በሺኩኑ የሚኖረው ግን ሕፃን ታቅፎ ደረጃ እየወረደ ወደ ጋራው መጠለያ፣ ሚክላት፣ ይሮጣል። ለመሬት መንቀጥቀጥም ቢሆን በ2005 የጸደቀው ታማ 38 የተባለው የአገር ፕላን ማጠናከሪያ ያስፈልጋቸዋል ያለው ከ1980 በፊት የተፈቀዱትን ሕንፃዎች ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ስጋት ሥር ሆነው የሁለቱ ቤቶች ደኅንነት ይለያያል፤ ልዩነቱም የተሠሩበት ዓመት ነው። ዛሬ ኪርያት ሀሻሮን ውስጥም የእኛ ቤተሰቦች አሉ፤ ብዙዎቹ ተምረው ጥሩ ሥራ የያዙ ወጣት ባለትዳሮች ናቸው። ይህ ራሱ ክርክሩን ያጠነክረዋል፤ አቅሙ ሲገኝ ሰዉ ይሄዳል፣ ልክ የሊቢያው አይሁድ ልጅ እንደሄደው።

በድሮዎቹ ሰፈሮች አሁን የሚሰማው ቃል ፒኑይ ቢኑይ ነው፤ ሺኩኑን አፍርሶ ማማድና ሊፍት ያለው ረጅም ሕንፃ መሥራት። በዚህ ውስጥ የእኛ ሰው እንደ ባለቤት ፈራሚ ነው፤ ድምፅ አለው። አዲሱ ቤት ሲመጣ ግን የሕንፃው የወር መዋጮ ይጨምራል፤ ትንሹ ሱቅም ቦታውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ውሉን ባለቤቱ በሚያነበው ቋንቋ ማስተርጎም፣ ስለ ሱቆቹ መጠየቅ፣ ለሽማግሌዎች የተለየ አንቀጽ እንዲገባ መከራከር ይገባል። ሌላም ልመና አለኝ። የኒው ዮርክ ከተማ ከ1939 እስከ 1941 ለግብር ብላ በአምስቱም ክፍሎቿ ያለውን ሕንፃ ሁሉ ፎቶግራፍ አስነስታ ነበር፤ ዛሬ ተራው ቤትና ተራው ሱቅ ምን ይመስል እንደነበር የሚታወቀው በነዚያ ሥዕሎች ነው። የኔታንያ ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ እስኪሠራ አንጠብቅ። ወጣቶች ሆይ፣ የወላጆቻችሁን የማሽካንታ ወረቀት፣ የመጀመሪያውን የቁልፍ ርክክብ ፎቶ፣ የእንጀራ ሱቁን በርና የተጻፈበትን ሰሌዳ አሁኑኑ ፎቶግራፍ አንሱ፣ ቀኑንና መንገዱን ጻፉበት፣ አንዱን ቅጂ ለከተማው ቤተ መዛግብት ስጡ። ማፍረሻው ከመጣ በኋላ ይህን የሚሰበስብ አይገኝም።