የፅንስ ዕድገት ልዩነት በአልትራሳውንድ ሲለካ

በእርግዝናዎ የመጀመሪያ ወራት አልትራሳውንድ ተነስተው «ፅንሱ ካሰቡት ቀን በአምስት ቀን ያንሳል» ቢባሉ አይደንግጡ። የጥቂት ቀናት ልዩነት በጤናማ እርግዝና ውስጥም ያጋጥማል።

እንዴት ይለካል?

እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ፅንሱ ከአናቱ እስከ መቀመጫው ይለካል። ርዝመቱ በ8 ሳምንት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በ10 ሳምንት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ12 ሳምንት ደግሞ ከ5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በዚህ ወቅት የፅንሶች ዕድገት ስለሚቀራረብ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ልዩነት ይታወቃል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን የዘር፣ የእናት ጤናና የእንግዴ ልጅ ሁኔታ ይለያያቸዋል፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው የዕድሜ ግምት በ3 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል። በመጀመሪያው ምርመራ የተወሰነው የመውለጃ ቀን በኋላ በሚደረግ ምርመራ የማይቀየረው ለዚህ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

• የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። እንቁላል የሚወጣበት ቀን ግን ከሴት ሴት፣ ከወር ወር ይለያያል።
• የፅንሱ አቀማመጥ ወይም የምስሉ ጥራት ልኬቱን በትንሹ ሊያዛባ ይችላል።
• የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ሊምታታ ይችላል። ቀኑን ሲናገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ፤ ጳጉሜንም አይርሱ።
• አንዳንድ ጊዜ ዕድገቱ በእርግጥ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

የልብ ምት ካልታየስ?

በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ የፅንሱ ርዝመት ከ7 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ የልብ ምት ባይታይ፣ በዚያ አንድ ምርመራ ብቻ እርግዝናው ተቋርጧል ተብሎ አይደመደምም። ቀኑ ተሳስቶ ፅንሱ ገና ትንሽ ሊሆን ይችላልና። ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ ምርመራው ይደገማል። መጠበቁ ከባድ ቢሆንም ሁለተኛው ምርመራ ሳይደረግ ማህፀን ለማጽዳት አይቸኩሉ፤ ሐኪምዎን «ርዝመቱ ስንት ነው? መቼ ይደገማል?» ብለው ይጠይቁ።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ

ብዙ ደም ከፈሰሰዎት፣ ከባድ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም ካለዎት፣ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ትኩሳት ካለዎት ቀጠሮዎን አይጠብቁ።

የመጀመሪያውን የአልትራሳውንድ ወረቀት ይያዙ፤ በየምርመራው ለባለሙያው ያሳዩት።