ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣው መሣሪያ

በ1944 ዓ.ም. ክረምት ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተጨነቀች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በመተንፈሻ መርጃ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ነሐሴ 21 ቀን የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን፣ በአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ አንገት በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ይሠራበት በነበረው የጎማ ከረጢት በእጁ ያስተነፍሳት ጀመር። ልጅቷ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ 1,500 ያህል ተማሪዎች በየተራ ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ አገራችን መግባቱ ሲነገር ይኸው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። ከገላን ኮንዶሚኒየም በሌሊት የተነሣ በሽተኛ የሚደርስበት ሆስፒታል፣ የመተንፈሻ መርጃ ባይኖረው እንኳ፣ ቀዶ ሕክምና እስከሰጠ ድረስ የማደንዘዣ መሣሪያ አያጣም።

ሆኖም መሣሪያው የታሰበው ለሰዓታት እንጂ ለሳምንታት አይደለም። የበሽተኛውን ትንፋሽ መልሶ ስለሚያዞር ሶዳ ላይሙ ያልቃል፤ ቱቦውም ውኃ ያቁራል። አዲስ ጋዝ በብዛት ቢለቀቅለት ይህ ይቀላል፤ ኦክስጅኑ ግን ይፈጃል። ከሁሉ የሚከብደው መሣሪያው ብቻውን የማይተው መሆኑ ነው። ኢብሰን ተማሪ አላጣም፤ እዚህ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቡ የሚቀመጠው የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ሲነጋ ምጥ ለጠናባት እናት ቀዶ ሕክምና የሚፈለገው ያው ሰው ነው።